የባንተአምላክ ሙሾ

(ደሴ፣ ፒያሳ፣ አንድ ጁስ ቤት በረንዳ ላይ፤ አስለቃሿ እትዬ የሺመቤት በቴሌግራም ለሽያጭ የወጣ ስልክ «ልገዛ» ብለው ከሻጩ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።)

የሺመቤት፦ አምጣው እንጂ! ስልክ በሩቁ ነው እንዴ የሚገዛው?

ሻጩ፦ እናቴ፣ ከእጄ አይወጣም፤ በዓይንዎ ይዩት። ወንድሜ ከዱባይ የላከልኝ ነው፣ ገና አልተነካም።

የሺመቤት፦ ጥጉ ተሰንጥቋል፣ ጀርባው ላይ የማርያም ስዕል ተለጥፏል። ወንድምህ ዱባይ ድቁና ነው የሄደው?

ሻጩ፦ እምነቱን አጥባቂ ነው።

የሺመቤት፦ ስምህ ማን ነው?

ሻጩ፦ ዳኒ።

የሺመቤት፦ ዳኒዬ፣ ማስታወቂያው ፎቶ ላይ ስልኩን ያስተኛህበት አግዳሚ ወንበር በቀይ ቀለም «የእድሩ ንብረት» ይላል። እድራችን ዱባይ ቅርንጫፍ ከፈተ እንዴ?

ሻጩ፦ ወይኔ! ይታያል?

የሺመቤት፦ ከስልኩ ይበልጥ! ሐሙስ ለት ድንኳን ውስጥ ደረቴን ስደቃ ይኸው ስልኬ ከጉያዬ ወደቀ። አንተ ደግሞ ድንኳን ተካዩ ባንተአምላክ ነህ። ኮፍያ ስላጠለቅክ የማላውቅህ መሰለህ?

ሻጩ፦ እትዬ፣ ወድቆ ነው ያገኘሁት! የማን ነው ብዬ ብጮህ፣ እርስዎ እያለቀሱ ማን ይሰማኛል?

የሺመቤት፦ ስደውል ለምን ዘጋኸው?

ሻጩ፦ ባትሪው... ባትሪው ነው።

የሺመቤት፦ በል ስጠኝ።

ሻጩ፦ እንዲሁማ በባዶ እጄ አልቀርም። ስልክ ጠጋኙ እየመጣ ነው፤ ፍላሽ ያደርገውና ውስጡ ተጠርጎ አዲስ ይሆናል።

የሺመቤት፦ ውስጡንማ አትንካብኝ! የሞተው ባለቤቴ ሳቅ አለበት። ፍየል ሱሪውን ከገመድ ላይ ስትበላበት የሳቀው። ሌላ ድምፅ የለኝም ከእሱ።

ሻጩ፦ ሱሪውን? ፍየል? ኧረ አያስቁኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ።

የሺመቤት፦ እሺ። ነጠላዬን ላዘቅዝቅ።

ሻጩ፦ ማን ሞተ?

የሺመቤት፦ አንተ።

ሻጩ፦ እትዬ!

የሺመቤት፦ ኧረ ባንተአምላክ! ኧረ ያ ጎበዝ!
ካስማ ሲመታ ነው ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣
ሞት ራሱ ደውሎ ከቤቱ ነጠቀው!

ሻጩ፦ ኧረ በቁሜ አያልቅሱብኝ፣ ሟርት ነው! ይኸው ባለ ጁሷ እንባዋ መጣ! አንቱ መንገደኛው አባባ፣ ለእኔ ብለው ያወለቁትን ኮፍያ መልሰው ያጥልቁ፣ እኔ ነኝ ባንተአምላክ፣ አልሞትኩም!

የሺመቤት፦ ድምፄ ዛሬ ሲያምር! ቀጣዩን ስንኝ ልበል? እናትህን የሚያነሳው እሱ ነው።

ሻጩ፦ ይውሰዱት! ከነማርያሟ ይውሰዱት! እናቴ ብትሰማ እዚሁ ትወድቃለች!

የሺመቤት፦ ቆይ፣ ጣቴን ላስነካው... ተከፈተ። ሳቁ አለ! እሰይ፣ አለ! ስማው እስቲ።

ሻጩ፦ ይሄ ሳቅ ነው ወይስ አልነሳ ያለ ሞተር? ኧረ ሆዴን! ፈረስኩ! ባለ ጁሷንም ይዩዋት፣ እንባዋን ሳትጠርግ ትስቃለች። እትዬ... ለእሳቸውስ ምን ብለው አለቀሱ?

የሺመቤት፦ ምንም። ለአገሩ ሁሉ አልቅሼ፣ የእሱ ለት ድምፄ ተዘጋ። እንደ እንግዳ ቁጭ አልኩ።

ሻጩ፦ አውቃለሁ። ውሃ ያቀበልኩዎት እኔ ነኝ፤ ብርጭቆው ከእጅዎ ሲወድቅ መልሼ ቀዳሁልዎ።

የሺመቤት፦ አንተ ነህ እንዴ? ቀና ብዬም አላየሁ።

ሻጩ፦ የዚያን ለት የማንንም ዕቃ አላነሳሁም፣ እትዬ። ይመኑኝ።

የሺመቤት፦ እሁድ ሙት ዓመቱ ነው። ድንኳኑን ትተክላለህ። ድምፄ ዳግመኛ ከተዘጋ፣ ይህን ሳቅ በድምፅ ማጉያ የምትለቅልኝ አንተ ነህ። እስከዚያ ድረስ እናትህን የሚያነሳው ስንኝ እኔ ዘንድ ይቆያል።