ሞይራ በማሽን የፈለገችው ደስታ

እስቲ አንዴ ጸጥ በሉልኝ! ሞይራ፣ አንቺም ቁጭ በይ። ዛሬ አንቺን ለማመስገን ተናጋሪው እኔ፣ የማሽኑ ባለሙያ ነኝ፤ ማቋረጥ የለም።

እዚህ አደሌድ ከተማ፣ አእምሮን በትልቅ ማግኔት ፎቶ የሚያነሳው ኤምአርአይ ማሽን ያለበት ክፍላችን ተመራማሪ ሆነሽ የመጣሽ ቀን፣ የመኪናሽን ቁልፍ ኪስሽ ውስጥ ይዘሽ ዘው አልሽ። ማግኔቱ መንጭቆ ወሰደው። ሌላ ሰው ቢሆን በድንጋጤ ያብድ ነበር። አንቺ «በሉ፣ ወዶኛል ማለት ነው» ብለሽ በአውቶቡስ ቤትሽ ገባሽ።

የመጀመሪያው ጥናትሽስ! የመጠጥ ሱስ የያዘው ሰው ቢራ በፎቶ ሲያይ፣ አእምሮው ውስጥ «አምጣ! አምጣ!» የሚለው ቦታ ይነቃል አልሽን። ኬልቪን የሚባል የበግ ፀጉር ሸላች ማሽኑ ውስጥ አስተኛን። ፎቶ አሳየነው፤ ምንም የለም።

«ኬልቪን፣ እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ?» አልሽው በማይክሮፎኑ።

«ዶክተርዬ፣ ይሄ እኮ የሌላ ክፍለ ሀገር፣ የኩዊንስላንድ ቢራ ነው! የኛ የአደሌድ ሰው ይሄን ይጠጣል?»

የራሱን ክፍለ ሀገር ቢራ ስናሳየው ስክሪኑ ቦግ አለ። እኛ በሳቅ ፈረስን። እሱ ግን ሲወጣ አልሳቀም።

«እውነቱን ልንገርሽ» አለሽ። «ከጣመኝ ቆይቷል። አይጥመኝም፣ ግን ያምረኛል። ልጄ ወልዳ ሕፃኗን ስታሳቅፈኝ እንኳ ምንም አልተሰማኝም። ደስታዬ ሞቶ ነው?»

ቀልድሽን ትተሽ አጠገቡ ተቀመጥሽ። «አልሞተም። መጠጡ እየጮኸበት ሌላውን መስማት አቅቶት ነው። እረፍት ካገኘ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም፤ አልዋሽህም።»

ታክሞ፣ መጠጥ አቁሞ፣ ከዓመት በኋላ ተመለሰ። የልጅ ልጁን የቲሊን ፎቶ አሳየነው። ያቺ የባቄላ ፍሬ የምታክል የአእምሮው ቦታ፣ ከቢራ በቀር ለምንም ሳትነቃ የከረመችው፣ ዓይናችን እያየ ነቃች። እኔ ጉድ አልኩ! አንቺ «አንድ ምስል ማስረጃ አይሆንም» አልሽ፤ እንባሽ ግን አገጭሽ ደርሶ ነበር።

«ዶክተርዬ፣ ማሽኑ ምን ይላል?» አለ ኬልቪን ከውስጥ።

«ማሽኑን ተወው። አንተስ ምን ትላለህ?»

«ቲሊ ናፈቀችኝ። ቶሎ አውጡኝ።»

ሞይራ፣ ስንት ሺህ ሰው ማሽን ውስጥ አስገብቻለሁ፤ እዚያ ውስጥ የተኛው ምን ያህል ድንቅ ነገር እንደሆነ ያሳየሽኝ አንቺ ነሽ። ስለዚህ አመሰግንሻለሁ። ከልቤ!

በሉ ብርጭቆ አንሱ። እንደ ክፍላችን ደንብ የዝንጅብል ለስላሳ ነው፤ ማንም እንዳያጉረመርም። ሞይራ፣ ጤና ይስጥሽ፣ ዕድሜ ይስጥሽ፤ ጠዋት ስትነሺ ሮጠሽ ልታገኚው የሚያስቸኩልሽ ሰው አይጥፋ።

ለሞይራ!