ለባዶ ወንበር የተሰጠ ተራ

ከቦንጋ ወደ ደካ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። ከወሬያቸው እንደተረዳሁት ሽማግሌው የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ ወጣቱ የዚያው ቤት የኔትወርክ ባለሙያ ነው። የሚሄዱት ለኃላፊው ታላቅ እህት ለቅሶ ነው።

«ቢሮ ሳለሁ ልትመርቀኝ በቪዲዮ ደወለች» አሉ ሽማግሌው። «‹ልጆችህን› ብላ ጀመረችና ምስሏ ቀጥ አለ። መልሼ ስደውል ተኝታለች አሉኝ፤ ከዚያ አልነቃችም።»

«በዚያ ሰዓት የነበረው የቪዲዮ ስብሰባ ነው የቢሮውን ኢንተርኔት ያጨናነቀው፣ ጋሼ።»

«ስብሰባው ይቅደም ያልኩህ እኔ ነኝ።»

«ኢንተርኔቱን የሚያከፋፍለው ራውተር እንደ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነው። ይቅደም የተባለውን ያሳልፋል፣ ሌላው ይሰለፋል። ሰልፉ ሲሞላ ከኋላ የመጣው ይጣላል።»

«እና የእህቴ ድምፅ ተጣለ።»

ወጣቱ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«በዚያ ሰዓት ስብሰባው ላይ ማን ይናገር ነበር?»

«ማንም። ሰብሳቢው ገና አልመጡም ነበር። ካሜራው ግን ተከፍቶ ነበር።»

«ምን ያሳይ ነበር?»

«ባዶ ወንበር።»

«ለወንበር ነዋ ተራ የሰጠሁት!»

«ለሁሉም ትንሽ ትንሽ እናዳርስ ብዬዎት ነበር።»

«ብለሃል። ‹ስብሰባ ከሰው ወሬ እኩል አይሰለፍም› ብዬ ሳቅሁብህ።»

«ይተዉት አሁን። የቀረውን ምርቃት ራስዎ ይሙሉት።»

«ምርቃት በራስ አይሞላም፣ ልጄ። የእኔ ድርሻ አሜን ማለት ብቻ ነበር።»

ደካ እስክንደርስ ድረስ አፌን ሳልከፍት፣ እህታቸው ካቆመችበት ጀምሬ ምርቃቱን በልቤ ጨረስኩላቸው።