ማህተም ብቻ የታየበት ገጽ

(በአንዲት የወሎ ከተማ የአገልግሎት ጽሕፈት ቤት። ከሰዓት በኋላ የሚመረቀውን ድረ ገጽ የሠራው ሱራፌል ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሯል፤ ዓይነ ስውሯ እትዬ ዘርፌ ስልካቸውን ይዘው ከፊቱ ተቀምጠዋል።)

ዘርፌ፦ አረፍ በልና ስማኝ ልጄ። እየተቁነጠነጥክ ነው፤ ወንበርህ ይናገርብሃል።

ሱራፌል፦ ተቀምጫለሁ እኮ እትዬ። የሚያቁነጠንጠኝ ምርቃቱ ነው። እንግዶቹ ከምሳ በኋላ ይመጣሉ፤ ኃላፊያችን ደግሞ እየደወሉ «አለቀ?» ይሉኛል፤ ሳልመልስ ይዘጉታል።

ዘርፌ፦ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ከዛሬ ጀምሮ ወረቀት አንቀበልም፣ ሁሉም በስልክ ሆኗል አለችኝ። እሺ ብዬ ገባሁ። ስልኬ ያገኘውን ጮክ ብሎ ያነብልኛል፤ የዘመዶቼን መልእክት የሚነግረኝ እሱ ነው። ያንተን ገጽ ስከፍትለት ግን «ምስል፣ ምስል፣ ምስል» ብሎ ዝም አለ። ፎቶ ቤት ነው እንዴ የከፈታችሁት?

ሱራፌል፦ እሱ እንኳ የማህተም ነገር ነው። እኔ መጀመሪያ በጽሑፍ ነበር የሠራሁት። ኃላፊያችን አይተው፣ ማህተም ያላረፈበትን ማን ያምናል አሉኝ። ሁሉንም አተምነው፣ ማህተም አሳረፍንበት፣ በስካነር አንስተን ለጠፍነው። ሲያዩት ያምራል።

ዘርፌ፦ ሲያዩት።

ሱራፌል፦ ይቅርታ እትዬ።

ዘርፌ፦ ግድ የለም። መጨረሻው ላይ ደግሞ ሰው መሆንሽን አረጋግጪ ይላል። በምን ላረጋግጥ ብዬ በር ላይ ያለውን ዘበኛ ብጠይቀው፣ ከሥዕሎቹ መሃል መኪና ያለበትን መንካት ነው አለኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ነኝ ብዬ ስኖር፣ ለካ መኪና ካላየሁ አልቆጠርም።

ሱራፌል፦ አያስቁኝ፤ እሱን ዛሬውኑ አነሳዋለሁ። ለአሁኑ ግን የሚያይ ሰው ያስፈልግዎታል። ቆይ፣ መዝገብዎን ልክፈተው... ይኸው፣ ወኪል አለዎት። ታምሩ፣ የእህትዎ ልጅ። ልደውልለትና መጥቶ ይሙላልዎት።

ዘርፌ፦ አትደውል።

ሱራፌል፦ ሩቅ ከሆነም በስልክ ይነግረኛል፣ እኔ...

ዘርፌ፦ ስልኩን አስቀምጠው ልጄ።

ሱራፌል፦ ተጣላችሁ እንዴ?

ዘርፌ፦ አልተጣላንም። ዛሬም ቁርሴን አቅርቦልኝ፣ ጫማዬን አቀብሎኝ ነው የወጣው። ምን ልሞላ የመጣሁ መሰለህ?

ሱራፌል፦ የቤት ካርታ ማሳደስ መስሎኝ ነበር።

ዘርፌ፦ ውክልናውን ልሽር ነው።

ሱራፌል፦ የታምሩን?

ዘርፌ፦ የታምሩን። ባለፈው አንድ ሰው ይዞ መጣ፤ ቧንቧ ሠሪ ነው አለኝ። ቧንቧ ሠሪው ግድግዳዬን እየኮረኮመ ዞረ፣ አጥሩን በእርምጃ ለካ፣ ቧንቧዋ አጠገብ ግን አልደረሰም። ሲወጣ በር ላይ ቆሞ «አሮጊቷስ የት ትገባለች?» አለ፣ ቀስ ብሎ። የጠፋው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም።

ሱራፌል፦ ታምሩስ?

ዘርፌ፦ «ይፈለግላታል» አለው።

ሱራፌል፦ የገዛ እህትዎ ልጅ!

ዘርፌ፦ ሥጋን ለጅብ አደራ የሰጠሁት እኔው ነኝ፤ ሌላ ማንንም አልወቅስም።

ሱራፌል፦ እንግዲያው እኔ ልሙላልዎት። እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ እጽፋለሁ።

ዘርፌ፦ ታምሩም ያኔ ያለኝ ይህንኑ ነው። ነገርኩት፣ ጻፈ፣ ጣቴን ይዞ አስፈረመኝ። ስለ ውኃና መብራት ጉዳይ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቤቱን መሸጥንም ጨምሮበታል። አንተን ጠርጥሬ አይደለም። ግን የመጀመሪያውን ሳላነብ ፈረምኩ፤ የሚሽረውንም ሳላነብ ልፈርም?

ሱራፌል፦ እውነትዎን ነው። ሳምንት ይስጡኝ፤ ምርቃቱ ይለፍና ሁሉንም ወደ ጽሑፍ እመልሰዋለሁ።

ዘርፌ፦ ቧንቧ ሠሪው ነገ ይመለሳል። ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው ልጄ።

ሱራፌል፦ እንግዶቹ እኮ መንገድ ላይ ናቸው። አሁን ነካክቼ ቢበላሽብኝስ?

ዘርፌ፦ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል። የምትቸኩሉት እናንተ፣ ቤት የማጣው እኔ።

ሱራፌል፦ ቆይ። ቆይ። የውክልናውን ገጽ ብቻ ልሥራው። ማህተሙ ለኃላፊያችን ከላይ ይቀመጥ፣ ቃሉ ከሥሩ በጽሑፍ ይግባ፣ መኪና ንኩ የሚለውም ይነሳ። ግን... የማረጋገጫ ቁጥሩ በማን ስልክ ነው የሚገባው? በወኪሉ። በታምሩ! እትዬ፣ ቢሞሉት ኖሮ መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነበር።

ዘርፌ፦ እና አሁን?

ሱራፌል፦ መታወቂያዎን ይስጡኝ። በእርስዎ ስልክ እንዲሆን አስመዘግበዋለሁ... ይኸው ስልኬ ጠራ።

ዘርፌ፦ አንሳው እንጂ።

ሱራፌል፦ ሄሎ... አላለቀም። አዎ፣ አውቃለሁ፣ እንግዶቹ... አላለቀም፤ ባለጉዳይ ፊቴ ተቀምጠዋል። እሺ፣ ሲመጡ ለራሳቸው እነግራቸዋለሁ።

ዘርፌ፦ ተቆጡህ?

ሱራፌል፦ ዘጉብኝ። ቁጣው ገና ነው። (ጥቂት ሠርቶ) ይኸው፣ ስልክዎም ተመዘገበ፣ ቃሉም ገባ፤ አሁን ገጹን ይክፈቱትና ይንኩ።

ዘርፌ፦ «የሰጡትን ውክልና ለመሻር... እዚህ ይንኩ።» ጥርት አድርጎ አነበበው። «የወኪሉን ስም... ይጻፉ።» ይህን ራሴ እጽፈዋለሁ።

ሱራፌል፦ ይጻፉ። እኔ አጠገብዎ ሆኜ እጠብቃለሁ።

ዘርፌ፦ አይ፣ አንተ ውጣልኝ።

ሱራፌል፦ ከቢሮዬ?

ዘርፌ፦ ከቢሮህ። በሩንም ገርበብ አድርገው። የማንም ዓይን ሳያርፍበት በገዛ እጄ ልጨርሰው። የቀሩትን ገጾች ስትሠራም አደራህን፣ ጉዳይዋን ለብቻዋ መፈጸም ያለባት ሴት እንዳለች አስብልኝ።