ጋሽ ሽኩር የማይሸጡት ዝግባ

አይናፋር ነኝ፤ ስድስት ዓመት የደበቅሁትን ምስጢር ያወጣሁት ግን ሱቅ ሙሉ ሰው ፊት ነው። ባለቤቴ አጠና ተራ እንጨት ይሸጣል፣ እኔ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ለአረፋ አገር ቤት ስንገባ ከደመወዜ ያጠራቀምኩትን ለአማቴ ጎረቤት ለጋሽ ሽኩር በድብቅ እሰጣለሁ፤ ማሳቸው ላይ ያለውን ዝግባ እንዳይቆርጡ፣ ባሕር ዛፍም እንዳይተኩበት።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሽ ሽኩር ለሕክምና መጥተው ሱቃችን ጎራ አሉ። ባለቤቴ ወዲያው ዝግባውን ይሽጡልኝ ብሎ ያዛቸው።

"ጋሼ፣ ቆሞ ምን ይሰጥዎታል?"

"እንዲቆም ይከፈለኛል።"

"ዛፍ እንዲቆም የሚከፍል ቂል ማነው?" ብሎ ሳቀ። ደንበኞቹም አጀቡት። ጋሽ ሽኩር ቃላቸውን ጠብቀው አቀረቀሩ።

ፊቴ ጋለ። "ቂሏ እኔ ነኝ" አልኩ።

"አንቺ? በእንጨት እየኖርሽ?"

"የገዛ ደመወዜ ነው። እናትህ የምትጠጣው ምንጭ የሚወርደው ከዚያ ዝግባ ሥር ነው፤ ሲደርቅ አጠና ልትልክላት ነው?"

ወደ ጋሽ ሽኩር ዞሬ፣ "ዘንድሮም እከፍላለሁ፤ አንዲት ቅርንጫፍ እንዳያስነኩ" አልኳቸው፣ ተራው ሁሉ እየሰማኝ።

ባለቤቴ እስካሁን አኩርፏል። ያኩርፋ!