አራባ በግራዋ ሰጠች ተባለ

— ሄሎ! … የአራባ ኬንኪ ቤት፣ ምን እንታዘዝ? … ማን? … ውይ ኤቦ! ወንድሜ! እኔ እኮ ደንበኛ መስሎኝ ድምፄን ሳሳምር … ደህና ነን፣ ደህና ነን። አንተስ? ወደቡ እንዴት ነው? … ክሬኑ ላይ ሆነህ ነው እንዴ የምትደውለው? ነፋስ ይሰማኛል። … እሺ፣ ወርደህ አውራኝ እንጂ፣ ከሰማይ ላይ ነው እንዴ ወሬ!

— አየኸው? ቪዲዮዬን አየኸው? … አይ አይ፣ መጀመሪያ እኔ ልናገር፣ ከዚያ ታሞግሰኛለህ። ብቻዬን ነው የሠራሁት! ካሜራ የያዘልኝ ሰው የለ፣ መብራት አልተከራየሁ። ስልኩን የጨው ቆርቆሮው ላይ አስደገፍኩት፣ ፊቴን እያየሁ ሻሼን አስተካከልኩ፣ ከዚያ ድስቱን ከፈትኩት። እንፋሎቱ ቦግ ሲል አየኸው አይደል? ሦስት ቀን ያቦካሁት የበቆሎ ሊጥ ነው፣ ቅጠሉ ውስጥ ሆኖ እንኳ ይሸታል። … ሽማግሌውን፣ ኤጃ አታንስ አየሃቸው? ኬንኪውን ከእጄ ተቀብለው ቅጠሉን ሲፈቱ! አርባ ዓመት መኪና የነዱ ሽማግሌ ናቸው ወይስ ተዋናይ? አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀረጽነው። አንዴ ውሻ አለፈ፣ እሱም ቢሆን ደህና አድርጎ ነው ያለፈው።

— ምን? … ምን አልክ? … ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? ድምፅህ ተቆራረጠ። … "አዋረድሽን"? ማን ነው ያዋረደ? … እኔ?

— ኤቦ፣ በጠዋቱ ደሜን አታፍላው። እኔ ለኤጃ አታ በግራ እጄ ምግብ ሰጠሁ? ዓይንህን ታመሃል እንዴ? … አንተ ልጅ፣ በግራ እጅህ እንዳትቀበል ጣትህን እየመታሁ ያሳደግኩህ እኔ አይደለሁም? ለውሻ እንኳ በግራዬ ወርውሬ አላውቅም! ጭራሽ ለሽማግሌ? የአባታችን እኩያ ለሆነ ሰው?

— ኤኩዋ! … ኤኩዋ፣ ቅጠሉን አስቀምጪውና ነይ እስቲ። ትናንት ለኤጃ አታ ኬንኪውን በየትኛው እጄ ነው የሰጠኋቸው? … አየህ! በቀኝሽ ነው አለች። … ጠጋ በይና ንገሪው፣ ድምፅሽን ይስማ! … ሰማህ? … እኔን ለማስደሰት? ኤኩዋ? አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ቀን እኔን ለማስደሰት ብላ የተናገረችው ነገር የለም።

— እሺ፣ እሺ፣ አትጩህ፣ አየዋለሁ። … ስልኩን ሳልዘጋ? የቱን ልንካ? … ተወው፣ በኤኩዋ ስልክ ይሻላል። ኤኩዋ፣ አውጪው እስቲ። … እየከፈተችው ነው። … እህ። እየሳቅኩ ነው … ድስቱ … እንፋሎቱ … ያውልህ፣ ኤጃ አታ እጃቸውን ዘረጉ …

— ወይ ጉዴ!

— ኤቦ … ግራ ነው። በግራዬ ነው የሰጠሁት! እሳቸውም በግራቸው ነው የተቀበሉት! … ኤኩዋ፣ አብጃለሁ እንዴ እኔ? … ምኑ? … ሰሌዳው ምን ሆነ? … ቆይ ኤቦ፣ ከኋላሽ ያለውን ሰሌዳ እዪው ትለኛለች። … ወይኔ! ስሜ ተገልብጧል! ፊደሎቹ ሁሉ ጀርባቸውን ሰጥተዋል፣ ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ነው የሚነበበው! ስልኩ ነዋ! ፊቴን እያየሁ ልቅረጽ ብዬ በፊት ለፊቱ ካሜራ … እንደ መስታወት ገልብጦኛል፣ ኤቦ! ቀኜን ግራ አድርጎታል!

— አትሳቅ! … አትሳቅ አልኩህ! … ሰሌዳውን ማየት ነበረብኝ? እኔ ሻሼን ነበር የማየው፣ ማን ሰሌዳ ያያል! … እሱስ እውነትህን ነው። ሌላውም ሰው ሰሌዳውን አላየም። እኛ አገር ሰው አስቀድሞ የሚያየው እጅ ነው።

— እና ስንት ሰው አየው? … ስንት? … ከትናንት እስከ ዛሬ? … ምን ይላሉ? አንብብልኝ። … አታለስልሰው፣ እንዳለ አንብበው። … "በዚህ እጅ የተሰጠ ኬንኪ በጉሮሮ አይወርድም።" እህ። … "አሳዳጊ የበደላት።" እናታችንን ጨመሯት? አሁንስ በዛ! … ሌላስ? … ከዚህ የባሰ አለ? … ኤቦ? ሄሎ? … ንገረኝ፣ ምን ተፈጠረ?

— ኢንሳይዱ? የሾፌሮቹ ሊቀመንበር? … የኤጃ አታ የእህት ልጅ መሆኑንማ አውቃለሁ፣ እንዴት አላውቅም! ያሳደጉት እሳቸው፣ መሪ ያስያዙት እሳቸው። አጎቱን የነካ እሱን ነካ ማለት ነው። … ምን አለ? … ድገመው እስቲ።

— "ከዛሬ ጀምሮ አንድም ትሮትሮ አራባ ቤት አይቆምም።"

— … አለሁ። አለሁ፣ ቁጭ ብዬ ነው።

— ኤቦ፣ አንተ እዚያ ሆነህ አይታይህም። ድሮ ከአክራ ኬፕ ኮስት የሚሄድ መኪና ሁሉ በደጄ ነበር የሚያልፈው። አዲሱ መንገድ ከተከፈተ ወዲህ የፍየል መንገድ ሆነን ቀረን። የቀሩኝ እነዚያ ከአስፋልቱ እየታጠፉ ተሳፋሪያቸውን የሚያመጡልኝ ጥቂት ትሮትሮ ሚኒባሶች ናቸው። ስምንት ሴቶች ነበርን፤ አንዷ ትናንት ሻንጣዋን ይዛ እህቷ ጋ ሄደች። ለቀሩት ምን እንዳልኳቸው ታውቃለህ? ይህ ቪዲዮ ሰው ካላመጣልን በወሩ መጨረሻ ምድጃውን እናጠፋለን ብያለሁ። ኤኩዋ ሰምታ ቅጠሏን ማጠብ ቀጠለች። … አላለቅስም። … እሺ አለቅሳለሁ! ላልቅስ እንጂ!

— አውቃለሁ። … አውቃለሁ፣ ብለኸኝ ነበር። "ባለሙያ ይሥራው" ብለኸኝ ነበር። … እሺ፣ ይህን አምናለሁ፤ ያ ሴሎርም የሚባለው ጓደኛህ እንዲህ ያለ ስህተት አይሠራም። ሥራው ነው፣ ካሜራ እንደሚገለብጥ ያውቃል። … ዛሬ? እየመጣ ነው? … ማን ና አለው? … አንተ! እኔን ሳትጠይቅ! … እና አሁን እኔ እሺ እስክል ነዳጅ ማደያው ጋ መኪናውን አቁሞ እየጠበቀ ነው?

— ግን ኤቦ፣ የላከልኝን እቅድ አንብበኸዋል? … አላነበብከውም። እኔ አንብቤዋለሁ፣ ልንገርህ። መጀመሪያ በሰማይ የሚበር ካሜራ አለ። እሺ፣ ይብረር። ከዚያ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ። ከዚያ ከአክራ የመጣች፣ ጥፍሯ የጣት ያህል የረዘመ ቆንጆ "አራባ ነኝ" ትላለች። ይሁን፣ እኔም በጊዜዬ ከሷ አላንስም ነበር … ምን ያስቅሃል? … ከዚያ ኬንኪውን በምን ትበላዋለች መሰለህ? … በሹካ! በሹካና በቢላ፣ ኤቦ! እንደ ልደት ኬክ እየቆረሰች! በርበሬውን ከጎን በማንኪያ ጠብ አድርጋ! … አየህ፣ አንተም ሳቅህን ተውክ።

— ጎረቤታችንን፣ ጨርቅ ሻጯን ታስታውሳታለህ? ባለሙያ ቀጥራ አሠርታ የለም? ምን የመሰለ ቪዲዮ! ሰው ሁሉ ሙዚቃውን ወደደላት፣ ልጅቷ ማን ናት ብሎ ጠየቃት። ሱቅሽ የት ነው ያላት ግን የለም። … አይደለም፣ ባለሙያ አልንቅም። የእኔን ቪዲዮ ያየ ሰው ቢያንስ ተናደደ። የሹካውን ያየ ሾፌር ግን ይህ ቤት ለእኔ አይሆንም ብሎ ያልፋል። እኔ የምጠራው እጁን ታጥቦ፣ ጣቱን በርበሬው ውስጥ ነክሮ የሚጎርስ ሰው ነው።

— ቆይ ኤቦ። … ማን ነው ኤኩዋ? … ኤጃ አታ መጡ። … ኤጃ፣ ደህና አደሩ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ። … ኤቦ፣ ምን ልበላቸው? ሰምተው ይሆን? … ኤጃ፣ ይቅርታ፣ ስልክ ላይ ነኝ። ሰው ሁሉ በግራዋ ሰጠቻቸው እያለ … ሰምተዋል? … ምን አሉኝ?

— ኤቦ፣ እየሳቁ ነው! ሽማግሌው በድዳቸው እየሳቁ ነው! "እኔም በግራዬ ነው የተቀበልኩት፣ እኔን ምነው ሳይሰድቡኝ ቀሩ" ይላሉ። … ምን? ኤጃ፣ ይድገሙት። … ለእህትዎ ልጅ ደወሉለት? አሁን? ለኢንሳይዱ? … ምን አሉት? … "አርባ ዓመት በመስታወት ወደ ኋላ እያየሁ ነድቻለሁ። መስታወት እንደሚገለብጥ የማያውቅ ሾፌር መንጃ ፈቃዱን ይመልስ!" … ሃሃሃ! ኤጃዬ፣ እኔ ልሙትልዎ፣ ኑሩልኝ! … ኤቦ፣ ሰማህ? አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

— እሱስ ምን መለሰ፣ ኤጃ? … ዘጋው? … ምንም ሳይል? … ውይ።

— ሄሎ? አለሁ። ስልኩን ዘጋባቸው አሉ። … አዎ፣ እኔም ፈርቻለሁ። ኢንሳይዱ ኩሩ ሰው ነው። በሾፌሮቹ ፊት የተናገረውን መልሶ መዋጥ ይከብደዋል።

— ስማኝ፣ ያሰብኩትን ልንገርህ። ቪዲዮውን አላጠፋውም። … አላጠፋውም አልኩህ! ካጠፋሁት አጥፍቻለሁ ማለት ነው። ሌላ እሠራለሁ። ኤጃ አታ እዚሁ እንደተቀመጡ፣ እኔ በቀኜ፣ እሳቸው በቀኛቸው፣ ሰሌዳው እየተነበበ። ከሁሉ በፊት ግን ይቅርታ እጠይቃለሁ። … ያላጠፋሁትን፣ አዎ! ቀኝ እጅ ሥራ ይዞ በግራ ሲያቀብሉ "ስለ ግራዬ ይቅርታ" ይባል የለም እንዴ? ጥፋት ስለሆነ ነው? ሰውን ለማክበር ነው እንጂ። እኔ ያንን ቃል አላልኩም። አሁን እላለሁ፣ ምንም አይቀንስብኝም።

— ሴሎርም? … ይምጣ። … አዎ፣ ይምጣ አልኩህ፣ በደንብ ሰምተሃል! ግን ያመጣትን ቆንጆ እዚያው ማደያው ጋ … አይ፣ ነውር ነው፣ እሷም ትምጣ። እንደ እንግዳ ትመጣለች፣ በጣቷ ትበላለች። የጥፍሯን ነገር ራሷ ታውቃለች። እሱም ካሜራውን ከማውጣቱ በፊት ቁጭ ብሎ ይበላል፣ በርበሬው እስኪያስነጥሰው ድረስ። ያልቀመሰውን ነገር እንዴት አድርጎ ያሻሽጥልኛል? ካሜራው የእሱ ይሁን፣ እጁ የእኔ። … ሌላም አለ። ማታ ከመሄዱ በፊት ኤኩዋን ያስተምራታል። … የፊቱንና የኋላውን ካሜራ ነዋ፣ ሌላ ምን! በየሳምንቱ ከአክራ ላስመጣው አልችልም፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ራሳችን እንሠራለን። … ምን አልሽ ኤኩዋ? … "ከአንቺ የባሰ አልቀርጽም" ትላለች። ሰማሃት? እኔን አታስደስተኝም ብዬህ አልነበር?

— ጻፍለት፣ አሁኑኑ ጻፍለት፣ እኔ መስመር ላይ ነኝ። … ላክህ? … ጎበዝ። … ኤቦ፣ ሳትነግረኝ ሰው መጥራትህ አናዶኛል፣ ግን እግዚአብሔር ይስጥህ። ብቻዬን የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

— ቆይ፣ ክላክስ ሰማሁ። … ኤኩዋ፣ ወጣ በይና እዪ። … ሴሎርም በዚህ ፍጥነት አይደርስም፣ አይደል? … ምን? … ስንት? … ኤቦ፣ ትሮትሮ ነው ትላለች። ሦስት ትሮትሮ ከአስፋልቱ ታጥፈው እየመጡ ነው። … የፊተኛውን ማን ነው የሚነዳው? … ማን? … ራሱ?

— ኢንሳይዱ ነው፣ ኤቦ። ራሱ መጣ። … እኔ እንጃ! ሊሰድበኝ ይሁን ምን ይሁን እኔ እንጃ! … ወረደ። ተሳፋሪዎቹም እየወረዱ ነው። … አንዷ ስልኳን አውጥታ እየቀረጸችኝ ነው። … ሁሉም አወጡ፣ ኤቦ። ሁሉም ይቀርጻሉ። … አጎቱ ጋ ሄዶ ጎንበስ አለ። … ኤጃ አታ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር አሉት። … አልሳቀም። … ወደ እኔ እየመጣ ነው።

— እንኳን ደህና መጡ፣ ሊቀመንበር። … አቤት?

— ኤቦ … "ራበኝ" አለ። … አዎ! "አራባ፣ ራበኝ፣ ስጪኝ" ነው ያለው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! እጁን ዘረጋ፣ ቀኙን … እያለቀስኩ ነው፣ ይቅረጹኝ፣ ግድ የለም! … ኤኩዋ፣ ከታች ያለውን አውጪልኝ፣ ትኩሱን፣ ትልቁን! … አዎ እሱን!

— ቻው ኤቦ፣ ዝጋው። … ኋላ እነግርሃለሁ፣ አሁን ዝጋው! ስልኩን የያዝኩት እኮ በቀኜ ነው፤ ሰውየው እጁን ዘርግቶ ቆሟል፣ በምኔ ልስጠው!