ብርድ ያረጋው የጾም ዘይት

ከጎንደር ወደ ዳባት በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንዲት እናት ብልቃጥ ታቅፈው ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ያለው ነጋዴ ዝም ማለት አልቻለም።

«እማማ፣ ቅቤው ኮቴን እንዳይነካው አደራ።»

«ቅቤ አይደለም ልጄ። የኮኮናት ዘይት ነው፤ ብርድ ሲያገኘው ይረጋል።»

«ለጸጉርዎ ነው?»

«ለወጥ ነበር። ከዛሬ ወዲህ ግን ለጸጉር ነው።»

«ምነው?»

«ባለቤቴ መሪጌታ ደማቸው ውስጥ ስብ በዝቶ ቅቤ ተከለከሉ። እኔም ይህ የጾም ነው፣ ስብ የለውም ብዬ ሽሮው ላይ በጭልፋ ስጨምርላቸው ከረምኩ።»

«ሸጋ አድርገዋል! የጾም ምግብ ምን ይጎዳል?»

«እኔም እንዲያ ነበር የምለው። ዛሬ ሲመረመሩ ስቡ ጨምሮ ተገኘ። ሐኪሟ ብልቃጡን አይታ፣ ‹የጾም ቢሆንም ለደም ሥር ከቅቤ ብዙም አይሻልም› አለችኝ።»

ከሹፌሩ አጠገብ የተቀመጡት መሪጌታ ዞር አሉ።

«ለእኔ እንኳ ተስማምቶኝ ነበር።»

«የተስማማው ለምላስዎ ነው!»

«ታዲያ በምን ሊበሉ ነው?» አለ ነጋዴው።

«በኑግ ዘይት፤ እሱንም በሻይ ማንኪያ ለክቼ።»

«ለዛሬ እራት ብቻ እንኳ ከዚያችው ጠብ ብታደርጊልኝ?» አሉ መሪጌታ።

«አንዲት ጠብታ አያገኙም! ተማሪዎችዎን ድጓ ሳያስጨርሱ አልቀብርዎትም።»

መሪጌታ ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።

እኔም ለአባቴ ልብ ይበጃል ተብዬ ከፒያሳ የገዛሁትን ያንኑ ዓይነት ብልቃጥ በነጠላዬ ሸፈንኩት።