የሞላ ጉንጭ

ጋሽ ሚስማር ሶፋ ሠሪ ናቸው። ስማቸው ሌላ ነው፤ ሥራ ላይ ሚስማር ከከንፈራቸው ስለማይጠፋ ሰፈሩ ይህን አወጣላቸው፣ እሳቸውም ለመዱት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መዶሻቸውን አስቀምጠው ወደ መድኃኒት ቤት ሲጣደፉ፣ በሩ ላይ ከጎረቤታቸው ልጅ ከነርሷ ጋር ተገጣጠሙ።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ሚጡስ እንዴት ናት?» አለች ነርሷ።

«ልጄማ ተመስገን ድናለች! ብታያት አታውቂያትም፤ ጉንጯ ሞልቶ፣ አንገቷ ወፍሮ። ያቺ ድዷ እየደማ ትራስ ስታበላሽ የነበረች ልጅ ናት ቢሉሽ አታምኚም።»

«እሰይ! መድኃኒቷን በደንብ ትወስዳለች?»

«አስቆምኳታ! የዳነ ሰው መድኃኒት ምን ያደርግለታል? እሷም ‹ፊቴ ተነፋ፣ ተማሪ ሳቀብኝ› እያለች ስታለቅስ አንጀቴን በላችው። ዛሬ ትንሽ ራሷን አሟት ነው፤ አስፕሪን ልገዛላት መጣሁ።»

የነርሷ ፊት ልውጥ አለ። የሽማግሌውን እጅጌ ጨምድዳ ያዘች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አስፕሪን አይገዙም።»

«ምን ተገኘና? ራሱን የማያመው ማን አለ?»

«ሚጡ እንደ ማንም አይደለችማ። ደም የሚያረጋው ሕዋስ፣ ፕሌትሌት የሚሉት፣ ያንሳታል። እርስዎን ሚስማር ቢወጋዎት ደምዎ ጥቂት ፈስሶ ይቆማል። የእሷን ሕዋስ ግን የገዛ አካሏ መከላከያ ጠላት መስሎት ይፈጀዋል። መድኃኒቱ ይህን ይገታላት ነበር። አስፕሪን ደግሞ የተረፈውን ጥቂት ሕዋስ ሥራ ያስፈታባታል።»

«ታዲያ ውፍረቷስ? ዓይኔ ዋሸኝ?»

«ውፍረቱን ያመጣው መድኃኒቱ ነው እንጂ ጤና አይደለም። ጋሼ፣ ጨርቁ ተወጥሮ፣ ላዩ ሞልቶ የሚመጣልዎት ሶፋ ሁሉ እንጨቱ ደህና ነው?»

ጋሽ ሚስማር ጨርቁን ሲገልጡት ነቀዝ በልቶ የጨረሰውን እንጨት ስንቴ አይተዋል! እኛስ ብንሆን የወፈረውን «ተስማማው»፣ የከሳውን «ምን ነካው» ስንል አይደል የምንውለው? ደም ግን ሳይመረመር በዓይን አይለካም።

«ገላዋ ላይ ነጠብጣብ አይተዋል?» አለች ነርሷ ቀስ ብላ።

«እግሯ ላይ ቀያይ ነገር አለ። ቁንጫ ነው ብዬ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።»

«ራስ ምታቱስ?»

«ጠዋት ጀመራት። አሁንማ አስመለሳት።»

«ጋሼ፣ ቁንጫ አይደለም። ከቆዳዋ ሥር የሚፈስ ደም ነው። ጭንቅላቷ ውስጥም ከፈሰሰ...» አልጨረሰችውም።

ጋሽ ሚስማር ክው አሉ። መንገዱን እንዴት እንዳቋረጡት አያውቁም፤ ወደ ቤታቸው ሮጡ፤ ነርሷም ተከተለቻቸው። ቤት ሲደርሱ ሚጡ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ትራሷ ቀይ ነው። ሲጠሯት ዝም አለች። ያቺ ዝምታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሰሙት ጩኸት ሁሉ አስፈራቻቸው።

«ሚጡ! ልጄ! አፈር በበላሁ!»

«አባዬ... መጋረጃውን ዝጋልኝ፣ ብርሃኑ አመመኝ» አለች በደከመ ድምፅ።

በታክሲ ሐኪም ቤት አደረሷት። ልጅቷን ወደ ውስጥ ሲያስገቧት አባትና ነርሷ ኮሪደሩ ላይ ቀሩ።

«በገዛ እጄ ገደልኳት?» አሏት ነርሷን።

«ገና አላወቅንም ጋሼ» አለች። ልታጽናናቸው ብላ ልትዋሽ አልፈለገችም።

ሐኪሙ ሲወጣ ጋሽ ሚስማር ወደ እሱ ተጣደፉ።

«የጭንቅላቷን ውስጥ በምርመራ መሣሪያ አንስተን አይተነዋል፤ ደም አልፈሰሰም» አለ። «ሕዋሱ ግን አልቋል ማለት ይቻላል። አስፕሪን ወስዳ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚገጥመን አላውቅም። ማስመለሱም መድኃኒቱ በድንገት በመቋረጡ ሊሆን ይችላል፤ ይህ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ይቀነሳል እንጂ ድንገት አይቆምም።»

«ከዛሬ ጀምሮ ያላችሁኝን እሰማለሁ። ብቻ ንገሩኝ!» አሉ ሽማግሌው እንባቸው እየወረደ።

ነገሯቸውም። ጥርሷን በለስላሳ ቡሩሽ ትቦርሽ፣ ጥርስ ከማስነቀሏ በፊት ሕመሟን ትናገር፣ ደሟን በቀጠሮዋ ትመርመር፤ ራሷን ከተመታች ወይም ክፉኛ ካመማት ቀጥታ ሐኪም ቤት ትምጣ። ይህን የጠበቀ በሽተኛ ይማራል፣ ይሠራል፣ ትዳርም ይይዛል።

ከወራት በኋላ ሐኪሙ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ሲቀንስላት የሚጡ ጉንጭ ሟሸሸ። ወንበር ልታሳድስ የመጣች ጎረቤት ልጅቷን አየችና ደረቷን ደቃች።

«ውይ! ምነው ልጅቷ እንዲህ ከሳች? ያን የመሰለ ጉንጭ!»

ጋሽ ሚስማር ሚስማሩን ከአፋቸው አወጡ።

«እሰይ በይ እንጂ እትዬ! አሁን ደሟን አስመርምረን መመለሳችን ነው፤ ደህና ነው። ጉንጯን ተይልኝ።»

እንዲህ ይበሉ እንጂ ፍርሃቱ አልለቀቃቸውም። ሴትየዋ ስትወጣ ሚጡ ሳትጠየቅ የሱሪዋን ጫፍ ወደ ላይ ሰበሰበች።

«ምንም ነጠብጣብ የለም አባዬ፤ ጠዋትም አይተኸዋል» አለች እየሳቀች።

ጋሽ ሚስማር መነጽራቸውን አደረጉና ጎንበስ ብለው እንደገና አዩ።